የኤቢኤስ መብራት አልጠፋ ሲል

ቁልፍ ሲዞር ዳሽቦርዱ ላይ ኤቢኤስ የሚለው ቢጫ መብራት ይበራና ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ይጠፋል። አልጠፋም ሲል ነው ጣጣው የሚጀምረው። ጋራዥ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የሚሰጥዎት መልስ «ፓምፑ ሄዷል» የሚል ነው። ፓምፕ የሚሉት ሞተሩ ክፍል ውስጥ ያለውን፣ ቀጫጭን የፍሬን ቱቦዎች የሚገቡበትንና የሚወጡበትን፣ ኮምፒውተሩ ከጎኑ የተገጠመለትን የአሉሚኒየም ብሎክ ነው። የፋብሪካ ስሙ አክቹዌተር ነው። ከኤቢኤስ ዕቃዎች ሁሉ ውዱ እሱ ነው፤ ስለዚህም መጠርጠር ያለበት በመጨረሻ ነው።

ሥራውን ላስረዳ። እያንዳንዱ ጎማ አጠገብ ፍጥነቱን የሚለካ ሴንሰር አለ። ፍሬን በድንገት ሲረገጥ አንዱ ጎማ ሊቆለፍ ከደረሰ ኮምፒውተሩ ከሴንሰሩ ያውቃል፤ ወዲያው አክቹዌተሩን ያዛል። ብሎኩ ውስጥ ለየጎማው ሁለት ሁለት ቫልቭ አለ። አንዱ ወደ ጎማው የሚሄደውን ግፊት ይዘጋል፣ ሌላው እዚያ የደረሰውን ያስተነፍሳል። የወጣውን የፍሬን ዘይት ብሎኩ ላይ ያለችው ትንሽ ሞተር መልሳ ትገፋዋለች። ይህ ሁሉ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ደጋግሞ ይሆናል፤ ፔዳሉ እግር ሥር የሚንቀጠቀጠውም ለዚህ ነው። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመርሴዲስ ኤስ ክላስ ካቀረበው ወዲህ ዕቃው አነሰ፣ ፈጠነ እንጂ አሠራሩ በመሠረቱ ይኸው ነው።

አሁን ቦታቸውን ያስቡ። አክቹዌተሩ ከፍ ብሎ ተሸፍኖ ተቀምጧል። አራቱ ሴንሰሮች ግን ጎማ ሥር ናቸው፤ የክረምቱ ጭቃ፣ የኮረኮንቹ ጠጠር፣ የፍሬን ሸራው ብናኝ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው። የፊቶቹ ገመድ መሪ በዞረ ቁጥር ይታጠፋል። ታዲያ ቶሎ የሚበላሸው የትኛው ይመስልዎታል?

ምርመራው የሚጀምረው ከብልሽት ኮድ ነው። የሞተር ኮዶች በፒ ይጀምራሉ፤ ፍሬንን፣ መሪንና የመሳሰሉትን የሚመለከቱት የሻሲ ኮዶች በሲ። ከስልክ ጋር የሚሠሩት ርካሽ ማንበቢያዎች አብዛኞቹ የሞተሩን ብቻ ነው የሚያነቡት፤ «ኮምፒውተሩ ምንም አላሳየም» ቢባሉ ኤቢኤስ የሚያነብ ማሽን ይጠይቁ። ቶዮታ ላይ ሲ 0200 የቀኝ ፊት፣ ሲ 0205 የግራ ፊት ጎማ ሴንሰርን ያመለክታል። ሲ 1241 ደግሞ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ችግር አለበት ማለት ነው፤ ደካማ ባትሪ ወይም ዲናሞ ይህን መብራት ሊያበራ ይችላል። ኮዱ የሚጠቁመው መስመሩን ነው፤ ሶኬቱ ይዝግ፣ ገመዱ ይበጠስ፣ ሴንሰሩ ይሙት አይናገርም።

ቀጥሎ መካኒኩ ማሽኑን እንደሰካ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ በዝግታ ይነዳ። ስክሪኑ ላይ የአራቱ ጎማዎች ፍጥነት እኩል መሄድ አለበት። አንዱ ዜሮ ላይ ከቀረ ወይም እየዘለለ ከወረደ፣ ችግሩ ያለው በዚያ ጎማ በኩል ነው። በቆዩት መኪናዎች ላይ ያለው ሴንሰር ሶኬቱ ተነቅሎ በቴስተር ሲለካ ወደ አንድ ሺህ ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ትክክለኛው ልክ እንደየሞዴሉ ይለያያል። በአዲሶቹ ያለው ግን በውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስላለው በኦም አይፈተንም፤ ኃይል እየደረሰው መሆኑና የሚልከው ምልክት ነው የሚታየው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ሴንሰሩ የሚያነበው ማግኔት ኩሽኔታው ላይ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው ያለው። ኩሽኔታው ተገልብጦ ከተገጠመ ጎማው በደንብ ይሽከረከራል፣ ድምፅም የለውም፤ ሴንሰሩ ግን ምንም አያይም። መብራቱ የበራው ኩሽኔታ በተቀየረ ማግስት ከሆነ ይህን ለመካኒኩ ይንገሩት። ሳይነገረው ፓምፕ ሊያስገዛዎት ይችላል።

መብራት ሳይበራ የሚያታልል ብልሽትም አለ። መኪናው ሊቆም ሲል፣ በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፔዳሉ ግርር ይላል። ሰው ፓምፑ አበደ ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን በዝገት ወይም በብረት ብናኝ የተነሳ የአንዱ ሴንሰር ምልክት በዝቅተኛ ፍጥነት ደክሞ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጎማው የተቆለፈ ይመስለውና ግፊቱን ይለቃል። ፓምፑ የታዘዘውን እየፈጸመ ነው።

ሴንሰሮቹ ሁሉ ደህና ከሆኑ የአክቹዌተሩ ተራ ደረሰ። አሁንም መጀመሪያ ትልልቆቹ ፊውዞች፣ ሪሌው፣ ከሻሲው ጋር የሚያያዘው ማሳ ይታዩ። የላላ ማሳ ደህናዋን የፓምፕ ሞተር የሞተች ያስመስላታል። ከዚያ ቀጥታ ፈተናው ይመጣል፤ ያለዚህ ፈተና አክቹዌተር ሲቀየር ያንገበግበኛል። መኪናው በክሪክ ተነስቶ በደንብ ይደገፋል። አንድ ሰው ፍሬን ይረግጣል፣ ሌላው ጎማውን ለማዞር ይሞክራል፤ አይዞርም። መካኒኩ በማሽኑ የዚያን ጎማ ግፊት ልቀቅ ብሎ ያዛል። ጎማው ለቀቅ ብሎ ከዞረ ቫልቩ ሠርቷል። በአራቱም ይደገም። ኃይሉ እየደረሰ፣ ትእዛዙ እየተላከ ጎማው ካልለቀቀ ወይም ሞተሯ ዝም ካለች፣ ያኔ ፓምፑ ነው ማለት ይቻላል።

ቢጫው ብቻ ሲበራ መደበኛው ፍሬን ይሠራል፤ ኤቢኤስ ግን ስለማይኖር በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ጎማ ሊቆለፍ ይችላል፣ ርቀትዎን ጠብቀው ይንዱ። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ መኪናውን ያቁሙ።

መቀየሩ ግድ ሆኖ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ የዕቃ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ መልኩ ተመሳስሎ ኮምፒውተሩ የሌላ ሞዴል ሊሆን ይችላል። የቱቦ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው የቆዩ ይሁኑ። ክፍት ከቆዩ ውስጡ የቀረው የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱም ቫልቮቹን ያዝጋል። ከተገጠመ በኋላ አየሩ በፔዳል ብቻ ላይወጣ ይችላል፤ በብዙ መኪኖች ማሽኑ ቫልቮቹን እየከፈተ ማስወጣት አለበት። ስለዚህ ዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ጋራዡ ያ ማሽን እንዳለው ይጠይቁ።