የጭነት መኪና ሞተር ሲግል ቴርሞስታት መቀየር ይበጃልን?

የጎጃም እህል ጭኖ ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ መኪና ሞተሩ ሲግል፣ ብዙዎች «82 ዲግሪውን ቴርሞስታት አውጥተህ 71 ዲግሪውን ግጠም» ይላሉ። ይህ ግን ዋናውን ጉድለት አያርምም።

ቴርሞስታት ውሃ ወደ ራዲያተር የሚያልፍበት በር ነው። 82 የተጻፈበት በዚሁ ሙቀት መከፈት ይጀምራል፤ 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ፈጽሞ ይከፈታል። ሞተሩ ከዚህ በላይ ሲግል ሁለቱም ዓይነቶች ወለል ብለው ተከፍተዋል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱን የሚያወጣው ራዲያተሩ ነው።

በአንጻሩ በደጋ ብርድ 71 ዲግሪ የተገጠመለት ሞተር በሚገባ ሳይሞቅ ይሠራል። ናፍጣ ይበላል፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ ዘይቱን ያቀጥናል፤ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። ቴርሞስታቱን ጨርሶ ማውጣትም አይገባም። በብዙ ሞተሮች ላይ ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ስለሚመለስ ሞተሩ ይብስ ይግላል።

ስለዚህ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፦

1. የውሃውን መጠንና የራዲያተሩን ክዳን መመርመር። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ግፊት የማይዝ ክዳን ውሃውን ቶሎ ያስጨርሳል።

2. በራዲያተሩ ፊት የተጠራቀመውን ገለባና አቧራ ማጽዳት፤ የላላ የፋን ቺንጋ ማጥበቅ።

3. ቴርሞስታቱን ከቴርሞሜትር ጋር በውሃ ድስት ውስጥ አንጠልጥሎ ማሞቅ። በተጻፈበት ዲግሪ አካባቢ መከፈት ካልጀመረ መለወጥ አለበት። በደጋ ውሃው ቀድሞ ስለሚፈላ 82 ዲግሪው ፈጽሞ ባይከፈት ተበላሽቷል አያሰኝም።

አዲስ ሲገዛ የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ያዘዘውን ዲግሪ መግጠም ይገባል። በጋለ ሞተር ዳገት መውጣት ቴስታታውን ያጣምማል፤ እህሉም መንገድ ላይ ይቀራል።