ልጁ ሲፈዝ፤ መድኃኒቱም እምቢ ሲል

መምህሩ ጠይቆት ዝም ያለ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። እርሳሱን እንደ ያዘ ዓይኑ ፈዞ፣ ሽፋሽፍቱ እየተርገበገበ ዐሥር ሰከንድ ያህል ከቆየ በኋላ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጽሕፈቱን የሚቀጥል ልጅ አለ። አይወድቅም፤ አረፋም አይደፍቅም። ስለዚህ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም፤ ይልቁንም ጆሮው ይቆነጠጣል። ነገር ግን ይህ መፍዘዝ የዚያው በሽታ ወገን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምርና በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል።

ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋናው ኤቶሱክሲማይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. ውጤቱ በታተመው፣ 453 ልጆች በተካፈሉበት የአሜሪካ ጥናት፣ እርሱና ቫልፕሮይክ አሲድ ከላሞትሪጂን በልጠው ተገኙ፤ የልጁን የማስተዋል ኃይል በመጉዳት ግን ኤቶሱክሲማይድ ከቫልፕሮይክ አሲድ ያነሰ ሆነ። ይሁን እንጂ በእነዚህ በሁለቱ እንኳ ከ4 ወር በኋላ የተሳካላቸው ከግማሽ ጥቂት ቢበልጡ ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ እምቢ ሲል ምን ይደረጋል? አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ የተሰጠው መድኃኒት የዚህ ሕመም መድኃኒት ነውን? የሚለው ነው። ለሚያንቀጠቅጠው ዓይነት የሚረዱት ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ይህንን መፍዘዝ ሊያብሱት ይችላሉ። በአገራችን በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታልም ለዚህ አይበጅም። ወላጅ «መድኃኒት አልያዘለትም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው አንዳንዴ ትክክለኛው ሳይሞከር ነው። መድኃኒቱ ትክክለኛ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ መጠኑን ይጨምራል፤ ይለውጣል፤ ወይም ሁለቱን ያጣምራል። በራስ ፈቃድ በድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ሲቀር ወደ ምግብ ይኬዳል። ጾም የሚጥለውን በሽታ እንደሚያስታግሥ ከጥንት ጀምሮ ይታወቅ ነበርና፣ በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ራስል ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. ሰውነትን እንደ ጾመኛ የሚያደርግ አመጋገብ አሰበ። ስኳርና እህል እጅግ ተቀንሶ ስብ ይበዛል፤ በጥብቁ ሥርዓት 4 ግራም ስብ ለ1 ግራም ሌላ ምግብ ይመዘናል። በእኛ ጾም ቅቤው ቀርቶ እንጀራው ይበላል፤ በዚህኛው እንጀራው ቀርቶ ቅቤው ይበላል! ቀላል ግን አይደለም። ሆድ ያደርቃል፤ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል፤ እድገትንም ሊያዘገይ ስለሚችል ያለ ሐኪም አይሞከርም። መፍዘዙ ከ4 ዓመት በፊት ለጀመረው ልጅ ደግሞ ሐኪሞች ስኳር ወደ አንጎል እንዳይገባ የሚያደርግ የትውልድ ጉድለት መኖር አለመኖሩን ይመረምራሉ፤ ጉድለቱ ከተገኘ ዋናው ሕክምና ይኸው አመጋገብ ነው።

ብዙዎቹን ልጆች ሕመሙ በጉርምስና ዕድሜ ይተዋቸዋል። እስከዚያ ግን ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ክፍል አልፈዋል።