ግሉኮሱ ለምን ዝግ አለ?

ከጉበቱ ላይ ዕጢ ተቆርጦ የሚወጣለት በሽተኛ ጠረጴዛው ላይ ሲተኛ፣ የእኔ የአንስቴዢያ ሐኪሙ ትልቁ ሥራ ፈሳሽ መቆጠብ ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ይደነግጣል። እኛ አገር ግሉኮስ ያልተሰቀለለት በሽተኛ እንዳልታከመ ይቆጠራል። አንዲት እናት ልጃቸው ሊገባ ሲል እጄን ይዘው፣ “የኔ ልጅ፣ ባዶ ሆዱን ነው ያደረው፤ በእመቤቴ፣ ግሉኮሱን አብዛለት” አሉኝ። “እማማ፣ ጉበቱ ተቆርጦ ሲያልቅ አበዛለታለሁ፤ እስከዚያ ግን ደሙ እንዳይፈስ ነው የምቆጥበው” አልኳቸው። እንዳላመኑኝ ፊታቸው ይናገር ነበር። ለእሳቸውና ለመሰሎቻቸው ነገሩን በደንብ ላስረዳ።

ልብ ከሚረጨው ደም ሩብ ያህሉ፣ በደቂቃ 1.5 ሊትር ገደማ፣ በጉበት ያልፋል። አብዛኛው ከአንጀት በፖርታል ደም መልስ የሚመጣ ነው፤ ቀሪው በደም ቅዳ ይገባል። ይህን መግቢያ መዝጋት ይቻላል። የግላስጎው ቀዶ ሐኪም ጄምስ ሆጋርት ፕሪንግል ሥሮቹን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ጨምቆ መድማትን ማቆም እንደሚቻል የጻፈው በ1908 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዘዴው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አሁን ብዙ ጊዜ 15 ደቂቃ ይታሰራል፣ 5 ደቂቃ ይለቀቃል።

መግቢያው ተዘግቶም ግን ጉበት ይደማል፤ በመውጫው በኩል። ከጉበት የሚወጡት ትልልቅ ደም መልሶች ወደ ልብ በሚሄደው በታላቁ ደም መልስ ላይ ይገጥማሉ። ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭም የላቸውም። ስለዚህ በታላቁ ደም መልስ ውስጥ ያለው ግፊት እንዳለ ወደ ተቆረጠው ቦታ ይመለሳል። ያንን ግፊት ከሚያንሩት ነገሮች አንዱ በክንድ የምንለቀው ፈሳሽ ነው።

ከመጋረጃው በላይ አንገቴን አስግጌ ታላቁን ደም መልስ አየዋለሁ። ፈሳሽ ሲበዛበት ሰማያዊ ሆኖ ይወጠራል። ሲቆጠብ ይለሰልሳል፣ የመተንፈሻ መሣሪያው ባስተነፈሰ ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል። ያኔ ቀዶ ሐኪሙ ደም ሳይጋርደው እያንዳንዷን ሥር እያየ ይቋጥራል።

በ1998 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት 100 በሽተኞችን ተመልክቶ ነበር። የደም መልሳቸው ግፊት ከ5 ሴንቲሜትር ውኃ ያልበለጠው እንደ መካከለኛ መጠን 200 ሚሊ ሊትር ደም ሲፈሳቸው፣ ከዚያ በላይ የሆኑት 1000 ፈሷቸዋል። ደም ለማግኘት ዘመድ አዝማድ በሚሯሯጥበት አገር ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ስንቆጥብ ታዲያ በሰዓት ለአንድ ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ እንሰጣለን፤ ለ70 ኪሎ ሰው በሰዓት ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። ይህ ሲባል በሽተኛውን ማድረቅ ማለት አይደለም። የደም ግፊቱ ከወረደ ኖርአድሬናሊን በጥቂቱ አንጠባጥባለሁ፤ ሽንቱን በየሰዓቱ እለካለሁ። ከሁሉ የምፈራው አየር ነው፦ የደም መልሱ ግፊት ዝቅ ሲል የተከፈተ ሥር አየር ሊስብ፣ አየሩም ልብ ውስጥ ሊገባ ይችላል። በትንፋሹ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድንገት ካሽቆለቆለ ወዲያው ለቀዶ ሐኪሙ እጮሃለሁ፤ እሱም ቦታውን በውኃ ያጥለቀልቀዋል።

ጉበቱ ተቆርጦ ሲያልቅ ፈሳሹን እከፍታለሁ። ግፊቱ ወደ ቦታው ሲመለስ ተደብቃ የነበረች ሥር ብትኖር ትደማለች፤ ስለዚህ ሆዱ ሳይዘጋ ቆም ብለን እናያለን። ለዚህ የምትጠፋውን ጊዜ ማንም እንዲያስቀርብኝ አልፈልግም።

ኩላሊቱ የደከመ ወይም ልቡ የታመመ ሰው ላይ ግን እስከዚህ አልደፍርም፤ ልኩን ለእሱ አስተካክላለሁ። ስለዚህ ቤተሰብ የኩላሊት፣ የልብና የግፊት ሕመሙን፣ በተለይ ሽንት የሚያበዛ ክኒን ይወስድ እንደሆነ፣ ከመግባቱ በፊት ይንገረን። ስለ ጥሙም ጠይቁን፦ ሐኪሙ ካልከለከለው በቀር ንጹሕ ውኃ ማደንዘዣው 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ መጠጣት ይችላል።