ክኒን መዋጥ ለሚያስቸግራቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበው ትምህርት የተወሰደ)

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም። ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት የምታውቁ ሁሉ፣ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዱ የነበሩ እናቶችን ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቹ ዛሬ አርጅተዋል፤ ወገባቸውና ጉልበታቸው ያማቸዋል። ልጆቻቸው ማስታገሻ ይገዙላቸዋል፤ ክኒኑ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ልጅ በሁለት ማንኪያ መሐል ፈጭቶ ያጠጣል። ኒያው መልካም ነው። ነገር ግን አካላችን አማና ነውና፣ ከመፍጨት በፊት መጠየቅ ግዴታችን ነው።

ለምን? ሁሉም ክኒን አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። ብዙ ሰው የሚወስደው ዲክሎፌናክ 50 ሚሊግራም አብዛኛውን ጊዜ ጨጓራ ውስጥ እንዳይሟሟ የተሸፈነ ነው፤ ሲፈጭ ሽፋኑ ይጠፋል። ባለ 100 ሚሊግራሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ነው፤ ከተፈጨ የብዙ ሰዓቱ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሽፋን የሌለው ተራ ፓራሲታሞል ግን ፋርማሲስቱ ከፈቀደ ተፈጭቶ በአንድ ማንኪያ እርጎ ወይም አጥሚት ወዲያው ሊወሰድ ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ሽሮፕ እንዳለ መጠየቅ ነው፤ ሲገኝም በቤት ማንኪያ ሳይሆን አብሮት በሚመጣው መለኪያ ይሰፈር። በውሃ የሚሟሟው ፓራሲታሞል ብዙ ጨው ስላለው የደም ግፊት ያለባቸው ሐኪም ያማክሩ። በጄላቲኑ ተጠራጥረው ካፕሱል የሚከፍቱም አሉ፤ ከመክፈት ይልቅ በሌላ መልክ የተሠራ እንዳለ ይጠይቁ።

አዋዋጡም ዘዴ አለው። ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ አስቀድሞ ጉሮሮን በውሃ ማርጠብ፣ ከዚያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ መዋጥ፤ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓትም አለመተኛት። ጉሮሮ ላይ የቀረ ክኒን ያቆስላልና። እ.ኤ.አ. በ2014 በጀርመን የሀይደልበርግ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ካፕሱል ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ አንገትን ወደ ኋላ ከማዘንበል ይልቅ ወደ ፊት ደፋ ማድረግ ለብዙዎች መዋጡን አቅልሎላቸዋል። ውሃ ሲጠጡ እንኳ ትን የሚላቸው ግን ይህን አይሞክሩ፤ ሐኪም ይያቸው።

በረመዷን ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ያለ ውሃ ከዋጥኩት ጾሜን አያፈርስም» የሚሉ አሉ። ይህ ስህተት ነው፤ ሆን ተብሎ የተዋጠ ክኒን ጾምን ያፈርሳል፤ በደረቁ መዋጡም ጉሮሮን ይጎዳል። የቀኑን ሁሉ መድኃኒት በኢፍጣር ሰዓት አጠራቅሞ መውሰድም አይገባም። ለአዋቂ ሰው ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራሙ በአንድ ጊዜ ከሁለት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ክኒን አይበልጥም፤ በመሐሉም ቢያንስ 4 ሰዓት ይኑር። ሰውነታቸው ለደከመና ጉበታቸው ለታመመ ከዚህም ያነሰ ነውና ሐኪም ይወስን። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ፓራሲታሞል ሊኖር ይችላል፤ እንዳይደራረብ ተጠንቀቁ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ከምግብ በኋላ ይወሰዱ፤ የኩላሊት፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለባቸውና ነፍሰ ጡሮች ያለ ሐኪም ፈቃድ አይንኳቸው። በሽተኛ አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲያወጣ አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣኑ ፈቅዶለታል። ይህን ሩኽሳ መቀበል ድክመት አይደለም።

በመጨረሻም፣ ክኒን ብቻ ሳይሆን እንጀራውም እየተናነቀ ከመጣ፣ ሰውነት ከቀነሰ፣ ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ጊዜ ሳትሰጡ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። መዋጥ በድንገት አቅቷቸው ፊታቸው ከተጣመመ ወይም አንደበታቸው ከተያዘ ደግሞ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። እናትና አባትን መንከባከብ መድኃኒት ገዝቶ ማቀበል ብቻ አይደለም፤ እንዴት እንደሚወስዱት አጠገባቸው ተቀምጦ ማየትም ነው።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን ይላክ፤ ወላጆቻችንን በአግባቡ ከሚኻድሙት ያድርገን። አሚን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።