ማረጥ እና የማስታወስ ችሎታ

ማረጥ የሴት የወር አበባ እስከ መጨረሻው የሚቆምበት ተፈጥሯዊ ሂደት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይከሰታል። አንዲት ሴት ሌላ ምክንያት ሳይኖር የወር አበባዋ ለ12 ተከታታይ ወራት ካልመጣ እንዳረጠች ይቆጠራል።

ከዚያ በፊት ባሉት የሽግግር ዓመታት ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ከፍ ዝቅ እያለ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሴቶች የሰው ስም ይረሳሉ፣ ሐሳባቸውን መሰብሰብም ይቸግራቸዋል። ይህ ብቻውን የእርጅና የመርሳት በሽታ ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ፣ 2,362 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በሽግግሩ ወቅት አዲስ ነገር የመማር ችሎታ እንደሚዳከምና ከማረጥ በኋላ እንደሚመለስ አሳይቷል።

የሌሊት ላብ እንቅልፍ ስለሚነሳ ትኩረትን የበለጠ ያዳክማል። ለዚህም የሥነ ልቦና ሕክምና ሊረዳ ይችላል። ሆኖም በአርባ ምንጭ ዙሪያ እንደሚገኘው ጫኖ ባሉ ወባማ አካባቢዎች ከላቡ ጋር ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ «የማረጥ ነው» ተብሎ ሳይታለፍ ቶሎ የደም ምርመራ መደረግ አለበት። መርሳቱ እየባሰ ሄዶ የዕለት ሥራን የሚያውክ ከሆነም ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።