ተጨማሪ መረጃ፦ በዓሣ ሥጋ የሚያድር እንግዳ

በሐዋሳ ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ፥ አሞራ ገደል በተባለው ስፍራ ዓሣ ሲበለት ቆሞ የተመለከተ ሰው፥ ቆሮሶ በተባለው ዓሣ ልብ ዙሪያ ባለው ክፍተት ውስጥ እንደ ክር የተጠቀለለ፥ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ትል አልፎ አልፎ ያያል። ሊቃውንተ ሥነ ሕይወት ኮንትራሲከም የሚሉት ይህ ጥገኛ ተውሳክ ዕድገቱን በዓሣው ውስጥ አይፈጽምም፤ ጎልማሳው የሚኖረው ዓሣ በል በሆኑ አዕዋፍ፥ ይኸውም በፔሊካንና በመሰሎቹ ሆድ ዕቃ ሲሆን፥ እንቁላሉ ከኩሳቸው ጋራ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣውን እጭ ጥቃቅን የውሃ ፍጥረታት ይውጡታል፥ እነርሱን ዓሣ፥ ዓሣውንም መልሶ ወፍ ይበላዋልና ዑደቱ ይፈጸማል።

ክሊኖስቶመም የተባለው ቢጫ ጠፍጣፋ ትል ግን አስቀድሞ በቀንድ አውጣ አድሮ፥ ቀጥሎም የዓሣውን ቆዳ ሰርስሮ በሥጋው ውስጥ ከከተመ በኋላ፥ በመጨረሻ በሽመላ ጉሮሮ ይጎለምሳል፤ ጥሬ ዓሣ የበላን ሰው ጉሮሮም፥ ከስንት አንድ ጊዜ ቢሆን፥ መኖሪያው ያደርጋል።

ስለዚህ ተማሪ ሆይ፥ ዓሣው እንደ ተጠመደ ሆድ ዕቃውን ፈጥነህ አውጣ፥ ሥጋውንም እስከ ውስጡ አብስል፤ ሙቀቱ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ትሎቹ ይሞታሉና።