በእግር በመሄዳቸው የታሰሩ ሰዎች ተራራ

«ፒክ ዲስትሪክት» የሚለውን የእንግሊዝ አገር ስም የሰማ ሰው ሰማይ ጠቀስ ተራራ ይጠብቅ ይሆናል፡፡ አይደለም፡፡ በማንቸስተርና በሼፊልድ መካከል የተዘረጋው የዚህ ደጋ ከፍተኛ ቦታ ኪንደር ስካውት ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 636 ሜትር ብቻ ነው፡፡ በአዲስ አበባ ሰው ዓይን ቆላ መሆኑ ነው! አናቱም ሹል ሳይሆን ሜዳ ነው፤ እኛ አምባ የምንለው ዓይነት፡፡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ደቡቡ ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ሣሩ ለምለም፣ ሥሩ ዋሻ፡፡ ሰሜኑ ግን ጥቁር ነው፡፡ ሻካራው ድንጋይ ለወፍጮ ይጠረብ ስለነበር፣ ተሠርተው ያለቁ የወፍጮ ድንጋዮች ገዢ አጥተው ዛሬም ሜዳ ላይ ወድቀው ይታያሉ፡፡ ከላይ የተነጠፈው ደግሞ ለሺህ ዓመታት የሞቱ ዕፅዋት በውኃ ታምቀው ሳይበሰብሱ የፈጠሩት፣ ፒት የሚባል አፈር ነው፡፡ የፋብሪካ ጭስ የወለደው የአሲድ ዝናብ ውኃ ቋጣሪ ዕፅዋቱን ስለገደለበት አፈሩ ተሸርሽሮ ነበር፤ ከ2003 ወዲህ መልሶ ለማልበስ ብዙ ተደክሟል፡፡

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን የመሬቱ ባለቤትነት ታሪክ ነው፡፡ በእንግሊዝ አገር ገበሬው በጋራ ከብት የሚያሰማራበት የወል መሬት በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፓርላማ አዋጅ እየታጠረ ለባለመሬቶች ተሰጠ፡፡ የኪንደር አካባቢም ዕጣ ይኸው ነበር፡፡ ባለመሬቶቹ በየዓመቱ ለጥቂት ቀናት ቆቅ መሰል ወፍ የሚያድኑበት ስፍራ አደረጉት፤ በቀሩት ቀናት ሁሉ ጠባቂዎች ሰው እንዳያልፍ ይከለክሉ ነበር፡፡ ሳምንቱን ሙሉ ጭስ ሲምግ ለሚሰነብተው የማንቸስተርና የሼፊልድ ወዛደር ግን ንጹሕ አየር ያለው እዚያው ማዶ ላይ ነው፡፡

ሚያዝያ 24 ቀን 1932 ቤኒ ሮትማን የተባለ የ20 ዓመት ወጣት ኮሚዩኒስት ያስተባበራቸው 400 ያህል ሰዎች ሆን ብለው ወደተከለከለው ተራራ ወጡ፡፡ ከጠባቂዎች ጋር ግብግብ ተፈጠረና አንድ ጠባቂ ተጎዳ፡፡ ስድስት ሰዎች ተያዙ፡፡ ልብ በሉ፤ በጊዜው ሕግ ያለ ፈቃድ በሰው መሬት ማለፍ በራሱ ወንጀል አልነበረም፡፡ ስለዚህ የተከሰሱት በሁከትና በመሰል ወንጀሎች ሲሆን፣ አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው፡፡ ሮትማን አራት ወር ደረሰው፡፡

የሚገርመው፣ ነባሮቹ የተጓዦች ማኅበራት ድርጊቱን ተቃውመው ነበር፤ ከባለመሬቶች ጋር የጀመርነውን ድርድር ያበላሽብናል ብለው፡፡ የሕዝቡን ስሜት የቀየረው ከሰልፉ ይልቅ ፍርዱ ይመስለኛል፡፡ የ1949ኙ የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ የዚያ ቀን ውጤት ነው ማለት ማጋነን ነው፤ ጥያቄው ከዚያ በፊትም ለዓመታት ሲነሳ ቆይቷል፡፡ ሆኖም በ1951 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ይኸው ፒክ ዲስትሪክት ነው፡፡ ፓርክ ሲባል ግን ሰው የሌለበት ዱር አይምሰላችሁ፤ ከ35 ሺህ በላይ ሰው ይኖርበታል፣ በግ ይረባበታል፣ አብዛኛው መሬትም የግል ነው፡፡ በ2002፣ በ70ኛው ዓመት መታሰቢያ ላይ፣ የዴቮንሻየር መስፍን አያታቸው ስለፈጸሙት ድርጊት በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ፡፡ ሮትማን ግን በዚያው ዓመት ጥር ወር አርፎ ነበር፡፡ በ2000 የወጣው ሕግ በክፍት ደጋዎች ላይ በነጻነት መራመድን ቢፈቅድም፣ የሚሸፍነው ከእንግሊዝ መሬት ስምንት ከመቶ ያህሉን ነው፡፡

ከኪንደር በስተምሥራቅ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ፡፡ ሼፊልድን፣ ደርቢን፣ ኖቲንግሃምንና ሌስተርን ውኃ ለማጠጣት ሌዲባወር የተባለው ግድብ ሲሠራ ደርወንትና አሾፕተን የተባሉ ሁለት መንደሮች ተዋጡ፡፡ ነዋሪው ቤቱን ለቀቀ፤ ሙታን እንኳ ከመቃብር ወጥተው ባምፎርድ ወደምትባል መንደር ተዛወሩ፡፡ ግድቡ በ1945 በንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ተመረቀ፡፡ የደርወንት ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ለመታሰቢያነት ከውኃው በላይ እንዲቆም ተትቶ ነበር፡፡ ሰዎች ወደ እሱ እየዋኙ አደጋ ስላሰጋ በ1947 በፈንጂ ፈረሰ፡፡ እንደ 2018 እና 2022 ባሉ የድርቅ ዓመታት ውኃው ሲሸሽ የመንደሩ ፍርስራሽ ብቅ ይላል፤ ሰዉም ከየከተማው እየጎረፈ በጭቃው ላይ ይራመዳል፡፡ በ2018 ጭቃው ውስጥ የተቀረቀረ ተመልካች በነፍስ አድን ሠራተኞች ተጎትቶ ወጥቷል፡፡